ስለ ልጅ አስተዛዘል

ሰው በዚህ ዓለም ከሚሠራቸው ሥራዎች ውስጥ አንዳንዶቹ ሁሉም የሚያውቃቸው ስለሚመስሉ መምህር የላቸውም። ልጅን ማዘል ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለ እርሻና ስለ ንግድ፣ ስለ ንባብና ስለ ጽሕፈት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ልጅ አስተዛዘል ግን በጋዜጣ ዓምድ ላይ ቢጻፍ «ይህ ደግሞ የጓዳ ወሬ ነው» ብሎ ገጹን የሚገለብጥ አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩ ከጓዳ አልፎ የአገር ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት ተደግፎ እንደሚያዝ አለማወቅ ትንፋሹን ሊያቋርጥ፣ ዳሌውን ሊጐዳ እንደሚችል፤ ማወቅ ግን ነፍሱን ሊያተርፍ እንደሚችል ዛሬ በሚገባ ታውቋልና።

ወደዚህ አሳብ የመራን በገዛ ቤታችን የሆነ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጅዋን ወለደች። እርስዋም ባሏም የተማሩ፣ በመሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ናቸው። በሚኖሩበት ፎቅ ቤት ግድግዳ ላይ በዛጎልና በጨሌ ያጌጠ አሮጌ የቆዳ አንቀልባ ተሰቅሏል፤ ይኸውም እናትዋ እርስዋን ያዘለችበት ነው። እንግዳ ሁሉ እያየ ያደንቀዋል። ደግሞም በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ማሰሪያውም መቆለፊያውም የበዛ አዲስ የልጅ ማዘያ ልኮላቸው በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሕፃኑ ማታ ማታ ሲያለቅስ ግን ባልና ሚስት በየተራ በክንዳቸው ታቅፈው ሲንቆራጠጡ ያድሩ ነበር። በግድግዳው ላይ ያለውን ማሰር አያውቁም፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለውንም ከነመግለጫው አውጥተው ሦስት ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ።

በመጨረሻ አያቲቱ «እስቲ ወዲህ አምጡት» ብላ በነጠላዋ አዘለችው፤ ጋቢም ደረበችበት። ሕፃኑ ጥቂት ሳይቆይ ዝም ብሎ ተኛ። ሁላችንም ነገሩ ያለቀ መስሎን ደስ አለን። ነገር ግን ስድስተኛው ሳምንት ደርሶ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ በተሄደ ጊዜ አንዲት ወጣት ነርስ አያቲቱን ወደ ጎን ጠርታ «እማማ፣ አስተሳሰርዎ ጠንካራ ነው፤ ግን አንገቱ ገና አልጸናም፤ ፊቱም በጋቢው ተሸፍኖ አይታይዎትም» አለቻት። አያቲቱም ቅር ብሏት «እኔ እኮ አምስት ልጅ በዚህ ጀርባ አሳድጌያለሁ፣ ልጄ» ስትል መለሰች። ነርሷ ሳትቈጣ «እኔንም እናቴ እንዲሁ ነው ያሳደገችኝ፣ እማማ። እርስዎ ያወቁት እንዳይጠፋ ብዬ ነው፤ ይህችን ብቻ ቢጨምሩበት» ብላ እጅዋን ይዛ አሳየቻት። አያቲቱ በመንገድ ሁሉ ዝም ብላ መጣች፤ ቤት ከደረሰች በኋላ ግን ሴት ልጅዋንና አማችዋን ጠርታ የተማረችውን አስተማረቻቸው።

ከዚህ የቤት ነገር ሦስት ቁም ነገር ተማርን። ወጣቶቹ ዕቃ እንጂ ዕውቀት የላቸውም፤ አሮጊቶቹ ዕውቀት እንጂ ምክንያቱን የሚያስረዳቸው አላገኙም፤ ምክንያቱን የሚያውቁት ሐኪሞችና ነርሶች ደግሞ ከሁለቱ ጋር የሚገናኙት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እነዚህ ሦስቱ ባልተገናኙበት አገር ጉዳቱ የሚደርሰው መናገር በማይችለው በሕፃኑ ላይ ነው።

አንቀልባ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ዕቃ ነው። ቆዳው በፋቂ እጅ ተፍቆና ለፍቶ እንደ ጨርቅ እስኪለሰልስ ድረስ ይሠራል፤ ከቆዳም የተቈረጡ ጠፍሮች ማሰሪያ ይሆኑታል፤ ጠርዙም እንደ ባለቤቱ ዐቅም በዛጎልና በጨሌ ያጌጣል። አንቀልባ የሌላት እናት በነጠላዋ ወይም በጋቢዋ ታዝላለች። ዕቃው ልዩ ልዩ ይሁን እንጂ ብልሃቱ አንድ ነው። የሕፃኑ ክብደት በክንድ ላይ መሆኑ ቀርቶ በትከሻ፣ በደረትና በወገብ ላይ ይከፋፈላል፤ የእናቲቱም ሁለት እጆች ነጻ ይወጣሉ። በዚህ ዓይነት እናቶቻችን ልጅ አዝለው ውሃ ቀድተዋል፤ አርመዋል፤ ገበያ ወጥተዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ስመዋል። አዘለ የሚለው ቃላችንም ከግእዙ ሐዘለ ጋር አንድ ወገን ሆኖ በቋንቋችን ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደ ያዘ ልብ ይሏል። ጥሩ ንግግር በሰማን ጊዜ «ቁም ነገር ያዘለ ነው» እንላለን፤ ይህም ማለት በጀርባው ውድ ነገር ይዟል ማለት ነው። በኦሪት ዘኍልቍም ሙሴ የሕዝቡ ሸክም በከበደው ጊዜ አቤቱታውን ያቀረበው ሞግዚት የሚጠባውን ሕፃን በምትታቀፍበት ምሳሌ መሆኑን ሊቃውንቱ ያውቁታል። ሕዝብን ማስተዳደርና ልጅን መያዝ በአንድ ምሳሌ ከተነገሩ፣ ጽሑፋችን በሹማምንት ገበታ ላይ ቢቀርብ ነውር የለበትም።

ይህ ብልሃት የእኛ ብቻ አይደለም። በጃፓን ኦንቡሂሞ፣ በኮርያ ፖዴጊ፣ በሜክሲኮ ሬቦዞ የሚባሉ የልጅ ማዘያዎች አሉ። በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያሉ የኢኑዊት እናቶች አማውቲ በሚባል ሰፊ ካፖርት ጀርባ ውስጥ ሕፃኑን ከብርድ ሸሽገው ያዝላሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ብዙ ሰው ልጁን በጋሪ ላይ አድርጎ መግፋት ስለ ለመደ ማዘል የድኻ ሥራ መስሎ ይታይ ነበር። ይህን አሳብ ከለወጡት ሰዎች አንዲቱ አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት የሕፃናት ነርስ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከፒስ ኮር ጋር በምዕራብ አፍሪካ በቶጎ ስታገለግል የዚያ አገር እናቶች ልጆቻቸውን በጀርባቸው አስረው ሲውሉ፣ ልጆቹም ረጋ ብለው አይታ ተደነቀች። ወደ አገርዋ ተመልሳ ልጅ በወለደች ጊዜ የገዛ እናትዋ ባለማሰሪያ ከረጢት ሰፋችላት፤ ከዚያም የወጣው ስናግሊ የተባለው ዕቃ በ1969 የፈጠራ መብት ተሰጥቶት በየአገሩ ተሸጠ። በጀርመንም ኤሪካ ሆፍማን የምትባል የመንታ ልጆች እናት ከላቲን አሜሪካ በመጣ ጨርቅ ልጆችዋን አዝላ ጎረቤቶችዋ ቢከተሏት በ1972 ጨርቁን የሚያሸምን ድርጅት አቋቋመች፤ ስሙንም ዲዲሞስ አለችው። መጽሐፍ የሚያውቁ አንባቢዎቻችን ይህ ስም የሐዋርያው የቶማስ ቅጽል መሆኑን፣ በጽርእም መንታ ማለት እንደ ሆነ ሳያስታውሱ አይቀሩም።

እንግዲህ ነገሩን እናስተውል። ከአፍሪካ እናት ጀርባ ላይ የተወሰደው ዕውቀት ባሕር ተሻግሮ፣ መቆለፊያ ተሰፍቶለት፣ በካርቶን ታሽጎ ወደ አፍሪካ ሲመለስ በውድ ዋጋ እንገዛዋለን፤ አስተሳሰሩንም ከወረቀት እናነባለን። ይህን የምንለው የውጭውን ዕቃ ለመንቀፍ አይደለም። በሚገባ የተሠራና በሚገባ የታሰረ ከሆነ ይጠቅማል። ሐዘናችን ዕቃው ከመምጣቱ ይልቅ የእኛ ዕውቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መቅረቱ ነው።

የዛሬ ሊቃውንት ምርመራ የእናቶቻችንን ሥራ በብዙ መንገድ አጽንቶታል። በካናዳ በሞንትሪያል ሁለት ተመራማሪዎች በ1986 ባወጡት ጥናት 99 እናቶችን ከነልጆቻቸው ለሁለት ከፍለው፣ የአንደኛው ወገን እናቶች ሕፃናቱ ባያለቅሱም እንኳ በቀን ለብዙ ሰዓት እንዲይዟቸው አደረጉ። ሕፃናቱ ስድስት ሳምንት በሞላቸው ጊዜ ብዙ የተያዙት ከሌሎቹ ይልቅ ልቅሷቸው ከመቶ 43 እጅ አንሶ ተገኘ። በጃፓንም በ2022 የወጣ ምርመራ የሚያለቅስን ሕፃን ይዞ አምስት ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ መራመድ እንደሚያረጋጋው፣ ከተኛም በኋላ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይዞ መቀመጥ ሲያስተኙት እንዳይነቃ እንደሚረዳ ገልጿል። ሞግዚቶቻችን እሹሩሩ እያሉ ከምድጃ እስከ ደጃፍ ሲመላለሱ የኖሩት ይህንኑ ነው።

ከልቅሶ የሚበልጠው ግን የሕይወትና የሞት ነገር ነው። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ በ1978 ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባለ ሐኪም፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ መሣሪያ አልበቃ ብሎት፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን ራቁታቸውን በደረታቸው ላይ ገላ ለገላ አጣብቀው በጨርቅ እንዲያስሩ አዘዘ። ችግር የወለደው ይህ ሥራ ካንጋሮ ተብሎ በዓለም ታወቀ። በእኛም አገር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል 123 ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናትን ይዞ የተደረገውና በ2005 የታተመው ጥናት፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት ከመቶ 38 ሲሞቱ ወዲያው በእናታቸው ገላ ላይ ከታሰሩት የሞቱት ከመቶ ሃያ ሦስት ያህል እንደ ነበሩ አሳየ። ከዚያ በኋላ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ባሉ አምስት ሆስፒታሎች በ3211 ሕፃናት ላይ የተደረገውና በ2021 የወጣው ምርመራ፣ ከተወለዱ በኋላ ሳይዘገይ በእናት ደረት ላይ መታሰራቸው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚሞቱትን ከመቶ 15.7 ወደ 12 ዝቅ እንዳደረገ አስረዳ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ያለ ጊዜያቸው ወይም በአነስተኛ ክብደት ለተወለዱ ሕፃናት ይህ እንክብካቤ ከልደት ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ መከረ። አንድ ቁራጭ ጨርቅና የሰው ገላ ይህን ያህል ነፍስ ካተረፉ፣ ጨርቁን ማሰር የሚያስተምር ሰው ማቆም እንደ ትንሽ ነገር ሊቈጠር አይገባም።

እስካሁን ያመሰገንነውን አሁን ደግሞ መመርመር አለብን፤ ልማድ ሁሉ የተወደደ ስለ ሆነ ብቻ ያለ ነቀፋ አይደለምና።

አንደኛው ነገር ትንፋሽ ነው። የጨቅላ ሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነው፤ አንገቱ ደካማ ነው፤ የትንፋሹም መንገድ ጠባብና ለስላሳ ነው። አገጩ በደረቱ ላይ ከተደፋ፣ ወይም አፍንጫው በጨርቅ ላይ ከተጫነ፣ ሳያለቅስና ሳይንፈራገጥ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊታፈን ይችላል። በአሜሪካ የዕቃዎችን ደኅንነት የሚቈጣጠረው የመንግሥት ኮሚሽን በ2010 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በአንድ ትከሻ ላይ በሚንጠለጠሉ የልጅ ማዘያዎች ምክንያት በ20 ዓመት ውስጥ የደረሱ 14 የሕፃናት ሞቶችን ጠቅሷል፤ ከእነዚህም 12ቱ አራት ወር ያልሞላቸው ነበሩ። እንግዲህ አንገቱ ያልጸና ሕፃን በጀርባ ሳይሆን በፊት፣ በደረት ላይ፣ ቀጥ ብሎ ይታሰር። ፊቱ ዘወትር ይታይ። ራሱ ጎንበስ ብሎ ለመሳም በሚቀርብ ቦታ ላይ ይሁን። በአገጩና በደረቱ መካከል አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር። ጨርቁ ወገቡን ደግፎ እንዳያጎብጠው የጠበቀ ይሁን። ጋቢ መደረብ ቢያስፈልግ ከሕፃኑ ጀርባ ላይ ይዋል እንጂ ፊቱን አይሸፍን። ነፋስና ዓይን ፈርተን ፊት መሸፈናችን ከፈራነው የሚከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ዳሌ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ የዳሌው መገጣጠሚያ ገና ያልጠነከረ ስለ ሆነ፣ እግሮቹ ተዘርግተውና ተጣብቀው ለብዙ ጊዜ ከታሰሩ አጥንቱ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በጃፓን ከ1975 ጀምሮ የሕፃናትን እግር ዘርግቶ መጠቅለል እንዲቀር በአገር ሁሉ በተሰበከ ጊዜ፣ ቀድሞ ከመቶ ሕፃናት ከአንድ በላይ ይታይ የነበረው የዳሌ መውለቅ ከሺህ ወደ ሁለት ያህል ወረደ። ስለዚህ በሚታዘልበት ጊዜ ጨርቁ ከአንዱ ጉልበት ሥር እስከ ሌላው ጉልበት ሥር ደርሶ ይደግፈው፤ ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ ብለው፣ ጭኖቹ የአዛዩን ገላ እንዳቀፉ ይሁኑ። የአገራችን አንቀልባ በሚገባ ሲታሰር ልጁን የሚያስቀምጠው እንዲሁ ነው። ችግሩ የሚመጣው አስቀድሞ እንደ ጥቅል ተገንዞ፣ እግሩ ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ በላዩ ሲታዘል ነው።

ሦስተኛው ነገር ጢስ ነው፤ ስለዚህ ነገር ሲነገር ብዙ አልሰማንም። እናት ልጅዋን አዝላ እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑ የሚተነፍሰው እርስዋ የምትተነፍሰውን ጢስ ነው፤ ሳንባው ግን እንደ እርስዋ ሳንባ የጠነከረ አይደለም። የቤት ውስጥ ጢስ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሳንባ ምች የመያዛቸውን ዕድል እጥፍ ሊያደርስ ጥቂት እንደሚቀረው የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ከጢሱም ሌላ እሳትና የፈላ ድስት አለ። ምድጃ በሚነድበት ሰዓት ልጁ ከማድ ቤት ወጥቶ በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ቢሆን ይሻላል። ይህ ሌላ ሰው ማን ነው ቢባል ከዚህ በታች እንናገራለን።

መማር የሚፈልግ አዲስ ወላጅ ሥራውን በሕፃኑ አይጀምር። ሦስት ኪሎ ጤፍ በጨርቅ ከረጢት ቋጥሮ፣ በመስተዋት ፊት ቆሞ፣ አሥር ጊዜ ያህል አስሮ ይፍታ። በመጀመሪያ ቀን ጨርቁ ይላላል፤ ጤፉም ወደ ወገብ ይንሸራተታል። በሦስተኛው ቀን እጅ ራሱ መንገዱን ያገኛል። ከዚያ በኋላ ልጁን ጠግቦና ረጋ ብሎ ባለበት ሰዓት፣ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ፣ የሚያግዝ ሁለተኛ ሰው ባለበት ይሞክር። አስሮ ሲጨርስ ይንቀሳቀስ እንጂ ቆሞ አይቅር፤ ጎንበስ ማለት ሲያስፈልገው ወገቡን ሳይሆን ጉልበቱን ይጠፍ፤ አንድ እጁም የልጁን ራስ ይደግፍ። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቁስልዋ ሳይድን፣ ሐኪምዋም ሳይፈቅድላት በሆድዋ ላይ ማሰሪያ አታጥብቅ። ቆዳውም ሆነ ጨርቁ ያረጀ እንደ ሆነ ስፌቱና ጠፍሩ ሁልጊዜ ይመርመር። በመኪና የሚሄድ ሰው ደግሞ አንቀልባ የመኪና መቀመጫ ሊሆን እንደማይችል ይወቅ።

አሁን ወደ አባቶች እንመለስ። ከእኛ ዘመን ሰዎች መካከል «ወንድ ልጅ አዝሎ በሰፈር ሲሄድ አይተን አናውቅም» የሚሉ አሉ። የእኛም አማች መጀመሪያ ሕፃኑን በደረቱ አስሮ ወደ ሱቅ በወጣ ጊዜ የሳቁበት ነበሩ፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም በልቡ ጥቂት እንዳፈረ አይክድም። በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለን። በጥምቀት ዕለት ታቦት ሲወጣ አባት ልጁን እሽኮኮ አድርጎ በሕዝብ መካከል ሲሄድ ማንም አይስቅበትም፤ እንዲያውም ደስ የሚል ነገር ነው እንላለን። ልጅ ሦስት ዓመት ሲሆነው በአባቱ ትከሻ ላይ መቀመጡ ክብር ከሆነ፣ ሦስት ወር ሲሆነው በደረቱ ላይ መታሰሩ ነውር የሚሆነው በምን ሕግ ነው? በመካከሉ የተለወጠ ነገር ቢኖር ሕፃኑ አሁን አባቱን የበለጠ የሚፈልገው መሆኑ ብቻ ነው። እናት በማድ ቤት ስትሆን፣ ስትታመም፣ ስትተኛ ልጁን የሚያዝለው ሌላ ሰው አባት ነው። አማቻችንም ዛሬ ከሥራ ሲመለስ ልጁን አስሮ ሰፈሩን ይዞራል፤ የሳቁበትም ለምደውት ሰላምታ ይሰጡታል። እኛም አያት ስንሆን ከእርሱ ተምረን ቅዳሜ ቅዳሜ እናዝላለን።

ሕጋችንም ለዚህ ነገር በር ከፍቷል፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሰጥቷል፤ ለአባትም ሦስት ቀን ፈቅዷል። ሦስት ቀን ለአባት መፈቀዱ የሚያስመሰግን ጅምር ነው፤ ነገር ግን ሦስት ቀን የጤፉን ከረጢት ማሰር ለመማር እንጂ ልጁን ለማወቅ አይበቃም። ዘጠናው ቀን ሲያልቅም እናቲቱ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሕፃኑ ከቤት ሠራተኛ ወይም ከዘመድ እጅ ይገባል። ሕፃኑን የምትረከበው ራስዋ ገና ልጅ የሆነች፣ ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ስትሆን ማንም ያስተማራት የለም፤ ጉዳት ቢደርስ ግን ወቀሳው በእርስዋ ላይ ይሆናል። ይህ ፍርድ አይደለም። ልጁን የሚያስረክብ ሰው ዕውቀቱንም አብሮ ማስረከብ አለበት።

ስለዚህ ሥልጣን በእጃቸው ላለ አንባቢዎቻችን ጥቂት አሳብ እናቀርባለን። በየጤና ጣቢያው ለእርጉዝ ሴቶች ክትትልና ለክትባት በተመደበው ቀን፣ እናቶቹ ተራ እስኪደርሳቸው በአግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ሰዓት ይቀመጣሉ። በዚያ ሰዓት በአሻንጉሊትና በአንድ ነጠላ የማዘልን ሥርዓት ማሳየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ለአዲስ በጀትም ምክንያት አይሆንም። በገጠር ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን በትምህርታቸው ውስጥ ቢጨምሩት፣ ሲያስተምሩም አያቲቱን ከጎናቸው አስቀምጠው ቢሆን ይበጃል፤ አሮጊት ካልተስማማች በዚያ ቤት የሚለወጥ ነገር የለምና። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ሆስፒታል ደግሞ እናቲቱ ቀንና ሌሊት የምትቀመጥበት አልጋና ወንበር ይሰናዳ፤ አባትም እንዲተካት ይፈቀድለት። ገላ ለገላ ይታሰር ብሎ አዝዞ እናትን በጎብኚ ሰዓት ብቻ ማስገባት ትእዛዙን በገዛ እጅ መሻር ነው።

ለካህናት አንባቢዎቻችንም አንድ ነገር እንለምናለን። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሣ፣ አራሷ ከቤት ወጥታ፣ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ፣ የክርስትና አባትና እናት ቆመው የሚገኙበት ቀን ነው። ሰው ሁሉ ጆሮውን ከፍቶ ካህንን የሚሰማበት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። በዚያች ቀን ካህኑ ከቡራኬው በኋላ «የልጁን ፊት አትሸፍኑ፤ እግሩን ቀጥ አድርጋችሁ አትገንዙ፤ በጢስ ቤት አታቆዩት፤ አንተም አባት እናቲቱን አግዛት» ብሎ ቢናገር፣ ከብዙ ወረቀት ይልቅ ይሰማል። በቅዳሴ ጊዜም ሰው በተጨናነቀበት ቦታ ላይ ልጅ ያዘለች እናት ስትታይ አየር ወዳለበት ቦታ እንድትቆም መንገድ ማስለቀቅ የሥርዓት መጣስ ሳይሆን ምሕረት ነው።

አንዳንድ ሰው «እናቶቻችን ያለ ትምህርት አሳድገውናል፤ ይህ ሁሉ ለምን?» ይል ይሆናል። እኛ ግን እናቶቻችን ያለ ትምህርት አሳደጉ መባሉን አንቀበልም። እናት ከእናትዋ፣ ታናሽ ከታላቅዋ በአንድ ግቢ ውስጥ እያየች፣ ገና በልጅነትዋ ታናሽ ወንድሟን አዝላ እየተለማመደች ያደገችበት ትምህርት ነበረ። መጽሐፍ አልነበረውም እንጂ መምህር ነበረው። ዛሬ ልጅ በፎቅ ቤት ሲወለድ፣ አያት በሌላ አገር ስትኖር፣ ታላቅ እኅት ትምህርት ቤት ስትውል፣ ያ ትምህርት ቤት ያለ ዐዋጅ ተዘግቷል። ከእነዚያም እናቶች መካከል በማለዳ ተነሥተው የታዘለው ልጃቸው ዝም ብሎ ያገኙት ነበሩ፤ ምክንያቱን የሚነግራቸው ስላልነበረ እድሉ ነው ብለው አልቅሰው ቀበሩት። የዛሬ ወላጅ ግን ምክንያቱ እየታወቀ በዚያ መንገድ ሊሄድ አይገባውም።

በልጃችን ቤት የነበረው አንቀልባ አሁን በግድግዳው ላይ የለም። ጠፍሩ አርጅቶ ስለ ነበር በአዲስ ተተካ፤ አንገቱ የጸናው ሕፃን በጀርባ መታዘል በጀመረ ጊዜም ወረደ። እንግዶች በቦታው የቀረውን ምስማር እያዩ «ያ የሚያምር ነገር የት ሄደ?» ብለው ይጠይቃሉ። አያቲቱም «ሥራ ላይ ነው» ትላለች።